የእንጨት መጫወቻ ሠሪዎች ነን፤ የቪዲዮ ጌም አከፋፋይ ሁኑ ተብለናል። ምን ትላላችሁ?

የአናጢው ልጅ (ጅማ፣ ሄርማታ)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች በሙሉ። ቤተሰባችን ሄርማታ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። በርጩማም እንሠራለን፤ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ የምንታወቀው ግን በልጆች መጫወቻ ነው። የገበጣ ገበታ፣ በገመድ የሚጎተት መኪና፣ የሚገጣጠሙ እንስሳት፣ ለአጸደ ሕፃናት ደግሞ የፊደልና የቁቤ ኩቦች እንሠራለን። ዕቃችን ወደ አጋሮ፣ ሊሙ ገነት፣ በደሌና ቦንጋ ይሄዳል። በየከተማው ሸጠው የሚከፍሉን ባለሱቆች አሉን፤ ብዙዎቹ ከአባቴ ጋር የቆየ መተማመን አላቸው።

ሰሞኑን አንድ የአዲስ አበባ አስመጪ ቤታችን ድረስ መጥቶ «በዚህ አቅጣጫ አከፋፋያችን ሁኑ» አለን። ዕቃዎቹ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ የጌም መጫወቻዎች፣ ያገለገሉ ፕሌይስቴሽን 4፣ ጆይስቲክና ጌም የተጫነባቸው ሃርድ ዲስኮች ናቸው። የመጀመሪያውን ጭነት ግማሽ ዋጋ በቅድሚያ እንድንከፍል ይፈልጋል። አባቴ «እንጨት እንጨት የማይሸት ዕቃ በመኪናዬ አይጫንም» ብሎ ዘግቶታል። እናቴ ሒሳብ ያዥ ስለሆነች እንዲህ በቀላሉ አልዘጋችውም።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፤ ለዒድም ለገናም ለልጁ ስጦታ ፍለጋ የሚወጣው ወላጅ ያው አንድ ወላጅ ነው። መንገዱ አለን፣ ባለሱቁ አለን፣ መኪናው አለን። በሌላ አገር የመጫወቻ ድርጅቶች ወደ ጌም ሽያጭ ገብተው ምን እንደገጠማቸው የምታውቁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል። ንግዱን ከውስጥ የምታውቁም አስተያየታችሁን አትንፈጉኝ።

---

መርካቶ ጥግ (ጅማ)

አትግባበት። ዕቃው ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ቢያረጅ ኪሳራው የአንተ ነው፤ ቢሸጥ ትርፉ የእርሱ ነው። ግማሹን አስቀድሞ የሚቀበል ሰው ዕቃው ተሸጠ አልተሸጠ እንቅልፍ አይነሳውም።

---

አዌቱ ማዶ (ጅማ፣ ኮምፒውተር አስተምራለሁ)

ወንድሜ፣ አንተ ያለህበትን ሁኔታ ከሞላ ጎደል ያለፈበት ድርጅት አለ። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1983 የአሜሪካ የቪዲዮ ጌም ገበያ ወደቀ። ሱቆች ያልተሸጠ ዕቃ ታቅፈው ቀሩ፤ አታሪ የተባለው ጌም ሠሪ የተረፈውን ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በተባለ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ቀበረው፤ በ2014 ተቆፍሮ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «ጌም አመጣሁ» የሚልን ነጋዴ የሚያስገባ ባለሱቅ ጠፋ። የጃፓኑ ኒንቴንዶ በ1985 መከር ወቅት ኒው ዮርክ ላይ ሲሞክር መሣሪያውን ያቀረበው እንደ ልጆች መጫወቻ ነበር፤ ሮብ የተባለ የፕላስቲክ ሮቦት ጨምሮበት። ለባለሱቆቹም «የሸጣችሁትን ብቻ ክፈሉ፤ የቀረውን መልሰን እንወስዳለን» አላቸው። ይህን ቃል ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1986 መሣሪያውን በአገሩ ሁሉ የሚያዳርስለት ሲፈልግ ወርልድስ ኦፍ ዎንደር ከተባለ የካሊፎርኒያ መጫወቻ ድርጅት ጋር ተዋዋለ። ይህ ድርጅት ቴዲ ረክስፒን የሚባል፣ ጀርባው ውስጥ ካሴት ገብቶለት ተረት የሚያወራ ድብ ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ድቡን የማይፈልግ ባለሱቅ አልነበረም። ሻጮቹ በድቡ ስም በገቡበት በር ኒንቴንዶንም ይዘው ገቡ፤ ድቡን የፈለገ ጌሙንም እንዲወስድ አግባቡት። ሥራው ሰመረ፤ ሻጮቹም በኮሚሽን ጥሩ ገንዘብ አገኙ።

ከዚያስ? በ1987 ኒንቴንዶ መንገዱን አወቀው፣ ባለሱቆቹም እርሱን አወቁት። ውሉ አበቃ፤ ሻጮቹም ወደ ኒንቴንዶ ሄዱ። ወርልድስ ኦፍ ዎንደር በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቀረበ። ኒንቴንዶ ገደለው ማለቴ አይደለም። የድቡ ገበያ ቀዝቅዞ ነበር፣ ድርጅቱም ከሚሸጠው በላይ አምርቶ ነበር፣ በጥቅምት ወር ደግሞ የአክሲዮን ገበያው ተንኮታኮተ። ነገር ግን በችግሩ ጊዜ ሊያቆመው የሚችለው የገቢ ምንጭ የሌላ ሰው ንብረት ነበር።

ወደ አንተ ልምጣ። አስመጪው መጋዘን ቸግሮት ቤታችሁ አልመጣም። የሚፈልገው ቦንጋና አጋሮ ላይ አባትህን አምኖ ዕቃ የሚቀበለውን ባለሱቅ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ የባለሱቆቹ ስልክ እጁ ሲገባ ከእናንተ ጋር ለምን ይቆያል? ዋጋ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

---

የጌም ቤቱ (ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

እኔ ጌም ቤት ስላለኝ የማየውን ልንገርህ። አንተ የምታስበው ወላጅ ፕሌይስቴሽን ገዝቶ ለልጁ አይሰጥም፤ ሊሰጥ የሚችለው በጣም ጥቂት ነው። ገዢው እንደ እኔ ያለው ባለ ጌም ቤት ነው። እርሱ ደግሞ ከመጫወቻ ሱቅ አይገዛም፤ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ የሚመላለስ የሚያውቀው ሰው አለው። ልጆቹ ደግሞ በጨዋታ ሒሳብ ከፍለው ኳስ ይጫወታሉ። ከኳስ ሌላ ጌም ላስተዋውቅ ብዬ ስሞክር የሚቀመጥልኝ አላገኘሁም። የኳስ ጌሙ አሳታሚ በፈረንጆቹ 2023 ፊፋ የሚለውን ስም ጥሎ «ኤፍሲ» ብሎታል፤ እኛ ቤት ግን አሁንም ፊፋ ነው።

ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ጆይስቲክ ይበላሻል፤ መሪው ወደ አንድ ጎን መሳብ ይጀምራል፣ ቁልፉ ይሰምጣል፣ ገመዱ ይበጠሳል። መሣሪያው አቧራ ይጠጣና ይግላል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓወሩን ያቃጥለዋል። የሚጠግን ሰው ጅማ ውስጥ ብታስቀምጡ እኔ የመጀመሪያው ደንበኛችሁ ነኝ። መሣሪያ ብቻ ሸጣችሁ ብትሄዱ ግን በሁለተኛው ወር ባለሱቁ የተበላሸውን ሁሉ ሰብስቦ ለአባትህ ይመልስለታል። የእንጨት መኪና ጎማው ቢወልቅ ምስማር ይበቃዋል፤ ይህ ግን እንደዚያ አይደለም።

---

የአጸደ ሕፃናት መምህርት (ጅማ፣ በቾ ቦሬ)

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ሁሉ ሳነብ ቆይቼ ነው። እዚህ ሁሉም ስለ ትርፍ ያወራል፤ ስለ ልጆቹ ያነሳ የለም። ከምሳ በኋላ ወደ ክፍል የማይመለሱ ተማሪዎች የት እንደሚገኙ እናውቃለን። በእናንተ ኩብ ልጆቻችን ሀ ሁንም ቁቤንም ይማራሉ፤ ኩቡ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በየቤቱ ተቀባይነት ያገኘው የቤታችሁ ስም በዚህ ነው። በዚያው ስም ጌም ይዛችሁ ስትመጡ ወላጁ ምን ይላል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅር እንዳትሰኝ። ባለፈው ክረምት ያዘዝነው ኩብ ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ነው የደረሰን። የራሳችሁን ዕቃ በጊዜው ማድረስ ሳትችሉ የሌላ ሰው ዕቃ ማከፋፈል ምን የሚሉት ነው?

---

የጌም ቤቱ

እህቴ፣ ልጁ ከክፍል የሚቀረው በጌም ቤት ምክንያት ብቻ አይደለም። እኔ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አላስገባም፤ በር ላይ ጽፌ ለጥፌአለሁ።

---

የአጸደ ሕፃናት መምህርት

ዩኒፎርሙን አውልቆ በቦርሳው የያዘውስ?

---

የአናጢው ልጅ

እትዬ፣ ስለ ኩቡ የተናገሩት እውነት ነው፤ አባቴም ያውቀዋል። ምክንያቱን ልንገርዎት፤ ምናልባት ለዚህ ውይይትም ይጠቅማል። በክረምት እንጨት አይደርቅም። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። እርጥብ እንጨት ቆርጠን ብንሠራ ኩቡ በጥቅምት ፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ይላጣል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ሠራተኞቹ ይበተናሉ፤ መኪናው ይቆማል።

እናቴ ይህን ጌም ሙሉ በሙሉ ያልዘጋችው ለዚህ ነው። ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበትና ልጆች ቤት የሚውሉበት ጊዜ ነው። እኛ ሥራ የምንፈታበት ወቅት ለዚያ ዕቃ የገበያ ወቅት ይሆናል ብላ ታስባለች። እኔም ሐሳቧ አሳማኝ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

---

መርካቶ ጥግ

መብራት የሚሄደውም በክረምት ነው።

---

ጋሼ ሻጭ (ጡረተኛ ነጋዴ፣ አጋሮ)

ልጄ፣ አዌቱ ማዶ የተናገረው ታሪክ ጥሩ ነው፤ ግን ያ ድርጅት ራሱ ትናንት የተቋቋመ ነበር። ከ1985 ወዲያ ዕድሜ የለውም። የአባትህ ቤት ሦስት ትውልድ የቆየ ነው። ነባር መጫወቻ ሠሪ ሲገባበት ምን ይሆናል የሚለውን ንገረን እንጂ።

ውሉን በተመለከተ ግን እኔ ብሆን ከመፈረሜ በፊት እነዚህን እጠይቅ ነበር። በዚህ አቅጣጫ ከእናንተ ሌላ አይሸጥም ተብሎ በጽሑፍ ይሰፍራል ወይ? ያልተሸጠው ይመለሳል ወይ? የዶላር ዋጋ ቢንር ልዩነቱን የሚሸከመው ማን ነው? ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያኔ ባለሱቁ በአሮጌው ዋጋ ሸጦ አስመጪው በአዲሱ የሚጠይቅበት ጣጣ ብዙ ወዳጅ አጣልቷል። ከእንጨት ጋር ስትሠሩ ይህ አያገኛችሁም፤ ከቀለሙና ከቫርኒሹ በቀር ከውጭ የሚመጣ የላችሁም።

---

አዌቱ ማዶ

ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ነባሮቹን ላንሳ።

ኮሌኮ በ1932 በአሜሪካ ሃርትፎርድ የጫማ ቆዳ ሻጭ ሆኖ ነው የተነሳው፤ ከቆዳ ወደ የፕላስቲክ መዋኛ ገንዳ፣ ከዚያ ወደ መጫወቻ አለፈ። በ1982 ኮሌኮቪዥን የተባለውን የጌም መሣሪያ አወጣ። ብልሃቱ መሣሪያው ሲሸጥ በወቅቱ ሰው ሁሉ የወደደውን ዶንኪ ኮንግ የተባለ ጨዋታ አብሮ መስጠቱ ነበር። ዶንኪ ኮንግ ደግሞ የኒንቴንዶ ነው፤ ኮሌኮ ፈቃድ ገዝቶ ነው ያወጣው። እስከዚህ ድረስ ድንቅ ነበር። ከዚያ በ1983 አዳም የሚባል ኮምፒውተር ሠራ፤ ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። የኃይል ምንጩ ያለው ማተሚያው ውስጥ ስለነበር ማተሚያው ከተበላሸ ኮምፒውተሩም አይነሳም። ይባስ ብሎ ሲበራ የሚለቀው የመግነጢስ ሞገድ ውስጡ የተረሳን የመረጃ ካሴት ያጠፋው ነበር! በዚያው ዓመት ያወጣው ካቤጅ ፓች የተባለ የጨርቅ አሻንጉሊት ግን ወላጆች ሱቅ ውስጥ እየተጋፉ የገዙት ሆነ። አሻንጉሊቱ ያመጣውን ኮምፒውተሩ በላው፤ ኮሌኮ በ1988 ከሰረ።

የባርቢ ባለቤት ማቴልም በ1980 ኢንተሊቪዥን የተባለ መሣሪያ ይዞ በአሜሪካ ገበያ ገብቷል። ለተወሰነ ጊዜ ጥሩ ሄደ፤ በ1983ቱ ውድቀት ግን ድርጅቱን ሊያጠፋው ደረሰ፤ የጌም ክፍሉንም በ1984 ሸጠው። አስገራሚው በ1987 ይኸው ማቴል በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በአውስትራሊያ የኒንቴንዶ አከፋፋይ ሆኖ ብቅ ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ የራሱን መሣሪያ አልሠራም፤ የሌላውን ነበር የሚሸጠው። በእንግሊዝ ግን የኒንቴንዶ ተፎካካሪ የሆነው ሌላው የጃፓን ጌም ሠሪ ሴጋ በለጠው። መጨረሻ ላይ የኒንቴንዶ ሥራ ከማቴል እጅ ወጣ። እንግዲህ ነባሩም ድርጅት ከዚያው ደረጃ ላይ ነው የደረሰው።

ኒንቴንዶ ራሱስ? በ1889 በኪዮቶ የተቋቋመ የመጫወቻ ካርታ ሠሪ ነው። የእጅ ሥራ ነበር። ከካርታ ወደ መጫወቻ፣ በ1977 በቴሌቪዥን ወደሚጫወቱት፣ በ1980 በኪስ ወደሚያዘው፣ በ1983 ወደ ቤት መሣሪያው መጣ። ዘጠና ዓመት ያህል ጥበቡን ይዞ የቆየ ቤት ነው። ልዩነቱ የራሱን ጨዋታ የሚያስብ ሰው በቤቱ ውስጥ መኖሩ ነው።

---

የቡና ጆንያ (ሊሙ ገነት)

ሁላችሁም አሜሪካና ጃፓን ብቻ ታያላችሁ። ብራዚልን ተመልከቱ፤ በቡና ብቻ ነው እንዴ የምንፎካከራት?

ብራዚል ከውጭ ኤሌክትሮኒክስ ማስገባት በጣም የከበደ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ቴክ ቶይ የሚባል የመጫወቻ ድርጅት ተቋቋመ። ከሴጋ ጋር ተዋውሎ መጀመሪያ የጨረር ሽጉጥ መጫወቻ ሸጠ፤ በ1989 የሴጋን ማስተር ሲስተም እዚያው ማናውስ በተባለች ከተማ ነፃ የንግድ ቀጣና ውስጥ እየገጣጠመ ማውጣት ጀመረ። ጨዋታዎችን ወደ ፖርቱጋልኛ መለሰ። የአንድን ጨዋታ ዋና ገጸ ባሕርይ አውጥቶ በምትኩ ሞኒካ የተባለችውን የብራዚል ልጆች የሚያውቋትን የሥዕል ታሪክ ልጅ አስገባ። ውጤቱ? ሴጋ በሌላው ዓለም መሣሪያውን ካቆመ በኋላ ለብዙ ዓመታት ብራዚል ውስጥ ሲሸጥ ቆየ።

ኤስትሬላ የተባለው ከ1937 ጀምሮ የነበረ አንጋፋ መጫወቻ ሠሪ ደግሞ ግራዲየንቴ ከሚባል የኤሌክትሮኒክስ ድርጅት ጋር ሆኖ በ1993 ፕሌይትሮኒክ የሚባል አቋቁሞ የኒንቴንዶን ዕቃ ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤስትሬላ ወጣ፤ ወደ መጫወቻው ተመለሰ፤ ዛሬም አለ። ስለዚህ አከፋፋይ ሆኖ ገብቶ፣ ሠርቶ፣ በጊዜው ወጥቶ የሚተርፍ ድርጅትም አለ።

---

መርካቶ ጥግ

ማናውስ ፋብሪካ አላት። የእርሱ ቤት ያለው መጋዝና መላጊያ ነው።

---

የቡና ጆንያ

ጅማም በእኛ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ፋብሪካ ይክፈት ግን አላልኩም። ልብ ያልኩት ሞኒካን ነው። የአገሩ ልጅ የሚያውቀውን ነገር ጨዋታው ውስጥ ያስገባ ሰው ጥሩ ሸጧል። እነዚህ ሰዎች ገበጣ ሠሪዎች ናቸው! አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ገበጣን የስልክ ጨዋታ አድርጎታል። ታዲያ የገበጣ ገበታውን በእጁ የሚያውቅ ቤት ከእንደዚህ ያሉ ወጣቶች ጋር ቢሠራ ምን ይጎድልበታል? የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የገበጣና የመሳሰሉት አጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበው አልፈዋል። ስልክ ላይ የወጡት ስንቶቹ ናቸው?

---

አዌቱ ማዶ

ይህ ሐሳብ ልብ ይነካል፤ ክረምት ላይ ለሠራተኛ ደመወዝ ግን አይሆንም። ጨዋታ መሥራት ሌላ ሙያ ነው። የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ኩቦች የሚሠራው ሌጎ እንኳ በ1990ዎቹ የራሱን የጌም ክፍል አቋቁሞ ብዙ ደክሟል። ሰው የወደደው በ2005 የወጣው የስታር ዎርስ ጨዋታው በሌላ ድርጅት የተሠራ ነው፤ ሌጎ ስሙንና ቅርጹን ፈቅዶ ድርሻውን ተቀበለ። ያውም ሌጎ ነው፤ 2003 እና 2004 ከባድ ኪሳራ ውስጥ የነበረበት ጊዜ ስለነበር ሁሉን በራሱ መሥራት እንደማይችል በግድ ተረድቷል።

---

ሕግ ተማሪ (ጅማ)

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። «ጌም የተጫነባቸው ሃርድ ዲስኮች» የሚለው ምንድን ነው? ፈቃድ ያለው ከሆነ አስመጪው ወረቀቱን ያሳያችሁ። ከሌለው በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ የተቀዳውን ማከፋፈልም ያስጠይቃል። ሁሉም ያደርገዋል እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ግን ደረሰኝ እየቆረጠ በመኪና የሚያከፋፍል የታወቀ ቤት ከጌም ቤት ጓዳ ጋር እኩል አይታይም። የሚጠየቅ ሲፈለግ መጀመሪያ የሚገኘው የታወቀው ነው።

---

የጌም ቤቱ

ይህን አልክድም። የፕሌይስቴሽን ሠሪው ሶኒ የኢንተርኔት መደብሩን ከከፈተላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ በቴሌብርም ሆነ በባንክ ካርዳችን ቀጥታ ልግዛ ብትል አይሆንም። ሰው ወደ አስጫኚው የሚሄደው ለዚህ ነው። ነገር ግን የሕግ ተማሪው እውነቱን ነው፤ የአናጢው ልጅ በዚህ ክፍል ውስጥ ባይገባ ይሻለዋል።

ሌላም አለ። አዲሱ ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ሲወጣ ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት አብሮ ወጥቷል። ጌሙ በኢንተርኔት ይወርዳል። የሚከፋፈል ካሴትም ዲስክም እያለቀ ባለበት ጊዜ «አከፋፋይ» መሆን ምን ማለት ነው?

---

ጋሼ ሻጭ

ጥሩ ጥያቄ። ለዚህ ነው አስመጪው ያረጀውን ፕሌይስቴሽን 4 ወደ ገጠር የሚገፋው።

---

የአናጢው ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ንባቡን ለአባቴም ለእናቴም አነበብኩላቸው። አባቴ የወደደው የኮሌኮን ማተሚያ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ይስቃል። እናቴ የጋሼ ሻጭን ጥያቄዎች በወረቀት ገለበጠችና በስልክ ለአስመጪው አቀረበችለት።

መልሱ ይህ ነው። ለዚህ አቅጣጫ ብቸኛ አከፋፋይ ትሆናላችሁ የሚለውን በቃል ይስማማል፣ በጽሑፍ አይፈልግም። ያልተሸጠ አይመለስም። ምንዛሪ ቢለወጥ ቀሪውን ክፍያ በዕለቱ ዋጋ ይቀበላል። ለሃርድ ዲስኮቹ ወረቀት የለውም፤ «ወንድሜ፣ ይህን ማን ይጠይቃል?» አለ።

አዌቱ ማዶ መጀመሪያ ላይ ያዝልኝ ያልከኝን ቃል ይዤዋለሁ። «የሸጣችሁትን ብቻ ክፈሉ» አለማለቱ ብቻ በቂ ነው። ኒንቴንዶ ያን ያህል ድርጅት ሆኖ ኪሳራውን ራሱ ከተሸከመ፣ ይህ ሰው ለምን እኛ ላይ ይጭናል? ስለዚህ ትልቁን ጭነት አንወስድም። እናቴ ግን በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋችም፤ ጆይስቲክና የመሣሪያ መለዋወጫ ብቻ፣ ሸጠን የምንከፍል ከሆነ እናየዋለን አለችው። እስካሁን አልመለሰም።

ለእትዬ መምህርት፤ የዘንድሮውን ኩብ እንጨት በየካቲት ቆርጠን እየደረደርን ነው። አባቴ «ለእርሷ በነሐሴ» ብሏል።

---

የአጸደ ሕፃናት መምህርት

ነሐሴ መጀመሪያ ወይስ መጨረሻ? በጽሑፍ ይሁንልኝ፤ ከእናትህ ተምሬአለሁ።

---

የጌም ቤቱ

መለዋወጫውን ካመጣችሁ ንገረኝ። እስከዚያ ግን ለአባትህ አንድ ሥራ አለኝ። መሣሪያዎቼን የማስቀምጥበት ነገር የለኝም፤ ክፍት መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ አቧራውና የልጆቹ ለስላሳ መጠጥ ነው የሚገድላቸው። የሚቆለፍ የእንጨት ሳጥን ብትሠሩልኝ፤ ከፊት የጆይስቲክ ገመድ የሚያስወጣ ቀዳዳ ያለው፣ ከኋላና ከላይ አየር የሚገባበት፣ ማራገቢያ የሚታሰርበት ቦታ ያለው። ጅማ ውስጥ ያሉ ጌም ቤቶች ሁሉ ይህ ችግር አለባቸው፤ አንዱን አይተው ሁሉም ያዛሉ።

---

የአናጢው ልጅ

አባቴ ይህን ስነግረው ወዲያው መለኪያውን አነሳ። የመሣሪያውን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት፣ ሙቅ አየር የሚያወጣው በየት በኩል እንደሆነ ጻፍልኝ። ከኋላው ስንት ጣት ክፍት ቦታ ይተውለት? ከተቻለ ደግሞ አንድ የተበላሸ መሣሪያ አውሰን፤ በባዶ ሳጥን ከመገመት እርሱን አስገብተን ብናየው ይሻላል ይላል።

---

የጌም ቤቱ

የተበላሸማ ሞልቶኛል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ይዤ እመጣለሁ። ከኋላ አራት ጣት ይበቃል፤ ከታች ግን ሳጥኑ እግር ይኑረው፣ ወለሉን በውሃ ነው የምናጥበው።